በመተማ መስመር ረዳት እንዴት ሾፌር ይሆናል?

ወደ መተማ በሚወርደው መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ሥራውን የሚለምደው በረዳትነት፣ ጋቢና ውስጥ ነው። ሕጉ የራሱ ደረጃ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ደረቅ 1፣ 2 እና 3 እየተባለ ይሰጣል፤ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ደረቅ 3 ግድ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን 400 ኩንታል ሰሊጥ ጭኖ አያስተምርም። ያንን የሚያስተምረው አብሮ የሚውል ሾፌር ነው።

ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ፣ ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት መኪናው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ 700 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። አዲስ ሰው መጀመሪያ ሊማር የሚገባው ይህን ቁልቁለት ነው።

ትምህርቱ ግን ሞተር ሳይነሳ ይጀምራል። ረዳቱ ጎህ ሲቀድ ዘይትና ውሃ ያያል፤ ከአየር ፍሬኑ ማጠራቀሚያ የተጠራቀመውን ውሃ ያፈሳል፤ ብረት ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል። የኋላ ጎማ ጥንድ ስለሆነ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይሸከመውና በዓይን አይለይም። በደንብ የተነፋው ብረቱን አንጥሮ ይመልሳል፣ የተነፈሰው ድምፁ ይታፈናል። በቆላው ሙቀት የተነፈሰ ጎማ ቶሎ ግሎ ይፈነዳልና ጆሮው ይህን ድምፅ እስኪለይ መሪ ባይነካ ይሻላል።

ቁልቁለቱ ላይ የነባሮቹ ምክር አንድ ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ማርሹ ከባድ ከሆነ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ፍሬን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ሰው ደጋግሞ ሲረግጥ ታምቡሩ ይግላል፣ የፍሬኑ ሸራ መያዝ ያቅተዋል፣ አየሩም ከሚሞላው በላይ ይወጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ደግሞ የሞተሩን እገዛ በገዛ እጁ ይጥላል፤ ኩርባው መሃል ማርሽ ልመልስ ቢል አይገባለትም። ይህን ልማድ ለረዳቱ የሚያስተምር ሾፌር ልጁን እየበደለው ነው።

ሰሊጡ የሚጫነው ከቆላው ስለሆነ ሲመለስ ፈተናው ዳገት ነው። ሞተሩ ከመታፈኑ በፊት ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ካመለጠ መኪናው ይቆማል። ያኔ ሾፌሩ «ታኮ!» ይላል፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ማገጃውን ከኋላ ጎማው ሥር ያስገባል። ከጎን ሆኖ ይወረውራል እንጂ በጎማው መሄጃ ላይ አይቆምም። ብዙ ረዳት በዚህ ሥራ ተጎድቷል፤ ስማቸውን የሚይዝ መዝገብ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ቆላው ሌላ ትምህርት አለው። በክረምት ጥቁሩ አፈር ሲርስ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ እርሻ መግባት አይታሰብም። በመኸር መብራት የሌለው ትራክተር ተሳቢውን ሰው ሞልቶ በማታ ይገጥማል። ሙቀቱ ያስመረረው ረዳት ውጭ ሸራ አንጥፎ ይተኛል፤ የካላዛርን ተሕዋስ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ማታ ትነክሳለች፣ የምትራባውም በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ነው። አጎበር እንደ ክሪክ ከመኪናው አይለይ። ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት ይዞ የተመለሰ ወባ ብቻ ነው ብሎ አይቀመጥ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለካላዛር ራሱን የቻለ ሕክምና አለ።

የጸጥታውን ነገር መደበቅ አይገባም። በዚህ መስመር ሾፌርና ረዳት ታግተው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፣ መንገዱም በየጊዜው ተዘግቷል። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ በገላባት በኩል ያለው እንቅስቃሴ ተናግቷል። ስለዚህ ሳይመሽ መቆም፣ ከሌሎች ጋር ተያይዞ መሄድ፣ ከፊት የሚመጣን ሾፌር ስለ መንገዱ መጠየቅ የሥራው አካል ሆኗል።

መሪ የሚሰጠው በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ከገንዳ ውሃ በታች ባለው ሜዳ ባዶ መኪና፣ ከዚያ ጭነት በዳገት፣ በመጨረሻ ጭነት በቁልቁለት። ረዳቱ ግን ደረቅ ፈቃዱን አስቀድሞ ያውጣ። ያለ ፈቃድ ሲነዳ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስ ለመኪናው ላይከፍል ይችላል፣ በሕግም እሱ ራሱ ይጠየቃል። የመኪናው ባለቤት የፈቃዱን ወጪ ቢያግዝ ከአንድ ጎማ ዋጋ በላይ ያተርፋል።