ልጅ ይዛችሁ ጉና ልትወጡ አስባችኋል? ይህን ሳታነቡ አትነሱ

ዝናቡ አባርቶ አደይ ሲፈካ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጉና ትወጣላችሁ። ደስ ይላል፤ ግን ከፍታውን አትርሱ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ትልቅ ሰው "ራሴን አመመኝ" ይላል። ትንሽ ልጅ ግን ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ጨዋታ ይተዋል። "ደክሞት ነው" ብላችሁ አትለፉት።

ምን እናድርግ?

✅ መጀመሪያ ደብረ ታቦር አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ጉናን በቀን ወጥታችሁ፣ ለማደር ውረዱ።

✅ ኮፍያ፣ ካልሲና ቅያሪ ልብስ ያዙ። የታዘለ ልጅ ስለማይንቀሳቀስ ከእናንተ ቀድሞ ይበርደዋል።

✅ ውሃና ዳቦ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ለትንንሽ ልጆች ቆሎ አትስጡ፤ ትን ሊላቸው ይችላል።

✅ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

🚫 ምልክቶቹ ከታዩ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ መውጣት አትቀጥሉ። ካልተሻለው ውረዱ።

🚨 አርፎም የሚያለከልክ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የሚያደነዝዘው ልጅ ካለ ሳይነጋም ቢሆን ወዲያው አውርዳችሁ ሆስፒታል አድርሱት።

ጫፉ ላይ ሳትደርሱ መመለስ አያሳፍርም። ጉና ለከርሞም አለ!

ለሚጓዙ ወላጆች ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጉዞ! 🌼