«፯» አኃዝ ነው ተብሎ ሲያልፍ

ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ ኢዝዲጂት የምትባል ትንሽ ፋንክሽን አለች። ሥራዋ አንድ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው፤ የተሰጣት ጽሑፍ በሙሉ አኃዝ ከሆነ «እውነት»፣ ካልሆነ «ሐሰት» ትላለች። ኮድ መጻፍ የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይተዋወቃታል። ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር ወይም የብር መጠን ከተጠቃሚ ሲቀበል፣ ሰው ፊደል አስገብቶ ፕሮግራሙን እንዳያበላሽበት እሷን ዘበኛ አድርጎ በር ላይ ያቆማታል። «እውነት» ካለች ጽሑፉን ኢንት ለተባለችው ፋንክሽን ያስረክባል፤ ኢንት ደግሞ ጽሑፉን የሚደመርና የሚቀነስ ቁጥር ታደርገዋለች። ኢዝዲጂት ባግ (የአሠራር ስህተት) አለባት የለባትም የሚለው ክርክር በፕሮግራመሮች ዘንድ የቆየ ነው። ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይነካናል፤ ከሚያጨቃጭቁት ምልክቶች መካከል የግዕዝ አኃዞች አሉበትና።

በምሳሌ እንየው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ ለዲማ ጊዮርጊስ ወይም ለመርጡለ ማርያም የአብነት ተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራ እንበል። ስም፣ የመጡበት አገር፣ ዕድሜ፣ የሚማሩበት ጉባኤ፤ ከዚያ በላይ የለውም። የሚመዘግቡት መሪጌታ አኃዝ የሚጽፉት እንደለመዱት በግዕዝ ነው፤ የስልካቸው የአማርኛ ኪቦርድም ምልክቶቹን አያሳጣቸውም። ንባብ ቤት የገባ የሰባት ዓመት ልጅ መጣና «፯» ብለው ጻፉ። ኢዝዲጂት አየችና «እውነት» አለች። ኢንት ተረከበችውና ቫልዩኤረር የተባለውን የስህተት መልእክት አውጥታ ፕሮግራሙን ቀጥ አደረገችው። እንደገና ተከፈተ። ቀጥሎ የመጣው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ «፲፪» ብለው ጻፉ። አሁን ኢዝዲጂት «ሐሰት» አለች፤ ስክሪኑ ላይ «እባክዎ ቁጥር ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ያላለፈው ልጅ ፕሮግራሙን ይጥለዋል፤ አሥር የሞላው በትሕትና ይመለሳል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ እጅ የጻፉት መሪጌታ ግን በ«፯» እና በ«፲፪» መካከል ምን ልዩነት እንደተገኘ አይገባቸውም። እውነታቸውን ነው።

ምክንያቱ ያለው ከፓይተን ጀርባ ነው። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግብ መስፈርት ሲሆን፣ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። አብረውት 20 አኃዞች ገቡ፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ዩኒኮድ የቁጥር ምልክቶችን ሦስት ቦታ ይከፍላቸዋል። በመጀመሪያው ክፍል ያሉት እንደ 0፣ 1፣ 2 ተራ በተራ ተደርድረው፣ የቆሙበት ቦታ ዋጋቸውን የሚወስንላቸው ናቸው። በሁለተኛው ዋጋቸው ከአንድ አኃዝ የማያልፍ፣ ግን በዚያ ደንብ የማይደረደሩ ይገኛሉ፤ በካሬ ሜትር ራስጌ የምትጻፈዋ ትንሿ ² አንዷ ናት። ሦስተኛው የቀረውን ሁሉ ይሰበስባል። ከ፩ እስከ ፱ ሁለተኛው ውስጥ ተመደቡ፤ ከ፲ ጀምሮ ያሉት ሦስተኛው ውስጥ። ፓይተን ለእያንዳንዱ ክፍል ጠያቂ አበጀ፤ ኢዝዴሲማል የመጀመሪያውን ብቻ ትቀበላለች፣ ኢዝዲጂት ሁለተኛውን ትጨምራለች፣ ኢዝኑሜሪክ ሦስቱንም። ኢንት የምትቀበለው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ባግ ነው» የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «አኃዝ ነው» ብሎ አሳልፎ፣ ወዲያው «ቁጥር አይሆንም» ማለት ምን ይባላል? ጃቫ በተባለው ቋንቋ ተመሳሳይ ሥራ የምትሠራው ፋንክሽን «፯»ን ስትጠየቅ «ሐሰት» ትላለች፤ እዚያ ይህ ጣጣ የለም። «አይደለም» የሚሉት ደግሞ መመሪያውን ይገልጣሉ። የፓይተን መመሪያ ኢዝዲጂት በአሥር ቤት ቁጥር ሊሠራባቸው የማይችሉ ምልክቶችንም እንደምትጨምር በግልጽ ጽፏል፤ ምሳሌ የሚጠቅሰውም ኻሮሽቲ የተባለውን የጥንት ጽሕፈት አኃዞች ነው። የእኛ በስም አልተጠሩም፤ ያሉት ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የተጻፈውን የፈጸመ ፋንክሽን ባግ አለበት አይባልም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወጣት ፕሮግራመር ቅር ይለዋል። ኢንት የዓረብኛውን ٧ ያለ ጥያቄ 7 አድርጋ ትቀበላለች፤ የእኛን ፯ ለምን ትጥላለች? ለንቀት ቢሰጡት ይቀላል፤ ነገር ግን አይደለም። የዓረብኛው አኃዝ ዜሮ አለው፣ በቦታም ይደረደራል። የግዕዙ ከግሪክ ፊደላት የመጣ፣ ከላይና ከታች ሰረዝ የተደረገለት ሥርዓት ነው፤ ዜሮ የለውም፣ አስፈላጊውም አይደለም። 2018ን ስንጽፍ ፳፻፲፰ እንላለን፤ ሃያ ጊዜ መቶ፣ አሥር፣ ስምንት። አሥራ ሁለትን ፩፪ ብሎ የሚጽፍ የለም። ኢንት ፯ን ብቻዋን ተቀብላ ፲፪ን እንደ ተራ ድርድር ብታነበው የምታመጣው ጥፋት ከቫልዩኤረር ይብሳል፤ ስህተቱን ማንም አያየውምና። ጮኾ የወደቀ ፕሮግራም ዝም ብሎ ከሚዋሽ ይሻላል።

ይልቅ ለእኔ የሚታየኝ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፤ ኢዝዲጂት የምታየው መልክ ብቻ መሆኑ። በጮቄ ተራራ የሌሊቱን ብርድ የሚመዘግብ ሰው «-2» ብሎ ቢጽፍ ትመልሰዋለች፤ የመቀነስ ምልክቷ አኃዝ አይደለችምና። ኢንት ግን ይህን ያለ ችግር ትቀበላለች። ስለዚህ ኢዝዲጂት መግባት የሌለበትን የምታስገባውን ያህል መግባት ያለበትንም ትከለክላለች። በአንጻሩ ለአንድ ልጅ ዕድሜ «900» ተብሎ ቢጻፍ ምንም አትልም።

መረጃን ማረጋገጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበትን የባሕረ ሐሳብ መምህራን መጠየቅ ይበቃል። የ2018 ዓ.ም. ወንበር፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት (30 እያወጡ ቀሪውን ሲይዙ) አበቅቴው 12 ይመጣል፤ ወንበሩን በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉት መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሙላት አለባቸው፤ ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። ሌላም ደንብ አለ፤ መጥቅዕ 14 አይሆንም። ወንበሩ ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሚሄድ፣ በ19 እያባዙ በ30 ሲገድፉ 14 ፈጽሞ አይወጣም። «14» በመልኩ ንጹሕ አኃዝ ነው፤ ኢዝዲጂትም ኢንትም ያሳልፉታል። የባሕረ ሐሳቡ መምህር ግን ገና ሲሰሙት ይጥሉታል፤ የሚመዝኑት ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር መስማማቱን ነውና።

የቀን ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። የፓይተን የቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። በ2018 ሁለተኛው ወር 30ኛው ቀን ብለው ጥቅምት 30ን ቢሰጡት፣ የፈረንጁ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው «የለም» ይላል፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል። መስከረም 31ን ግን እሰየው ብሎ ይቀበላል።

ፍርዴን ልናገር። ኢዝዲጂት ባግ የለባትም፤ ባጉ ያለው እሷን በር ላይ ባቆማት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ከእርሷ ጀርባ ያለው አከፋፈል ግን የሚያስመሰግን አይደለም። ዩኒኮድ ራሱ ከ6.3 እትም ጀምሮ በዚያ መካከለኛ ክፍል አዲስ ምልክት መመደቡን አቁሟል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ጠቃሚ ሆኖ እንዳላገኘውም ጽፏል። የእኛዎቹ ዘጠኝ አኃዞች እዚያው ቀርተዋል።

ለአገራችን ሰው ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ጽሑፉን በቀጥታ ለኢንት ስጡና ቫልዩኤረር ከመጣ ተቀብላችሁ በደንብ በተጻፈ አማርኛ መልሱ። ግዕዝ ለሚጽፍ ተጠቃሚ ደግሞ መለወጫ ጻፉ፤ ዩኒኮድዳታ የተባለው የፓይተን ክፍል ፯ 7፣ ፲ 10፣ ፻ 100፣ ፼ 10,000 መሆኑን ያውቃል፤ የሚቀራችሁ ከ፻ እና ከ፼ በፊት የመጣውን ማባዛትና የቀረውን መደመር ነው። ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊትም በ«፯»፣ በ«፲፪»፣ በጥቅምት 30 እና በጳጉሜን 6 ፈትኑት። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ነበራት፤ 2019ም ይኖራታል።