ለከተማዋ እናት እርምጃ፣ ለገጠሯ እናት ዕረፍት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕዝቡም ከቤቱ እንዳይወጣ ይመከር ጀመር። ምክሩ ወረርሽኙን ለመግታት ተገቢ ነበር። ሆኖም ሰውነት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት ያሰበው ጥቂት ነው።

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ዳገቷንና ቁልቁለቷን ያውቃል። 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ ልጅን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ መሄድ፣ ማታም በገበያ በኩል ዞሮ መመለስ ስሙ አይጠራ እንጂ ስፖርት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይህም እርምጃ አብሮ ቀረ። ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፤ ኮሮና ደግሞ እነዚህ ሕመሞች ያሉበትን ሰው አብልጦ ይጎዳል።

ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ፋርጣ ገጠርና ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ስናመራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገጠሯ እናት ሥራ አልተዘጋም። እንዲያውም ልጆች ቤት ሲውሉ እንጀራውም ውሃውም በዛ። «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» የሚለው መልካም ምክር እንኳ ለእርሷ አንድ ተጨማሪ የምንጭ ጉዞ ነበር። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣን ሴት «ስፖርት ሥሪ» ማለት ያሳፍራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያስፈልጋል ይላል። የእግር ጉዞም የቤት ሥራም ይቆጠራል። ቢሮ ለምትውል እናት በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል ማለት ነው። በዕረፍት ቀን ልጆችን ይዞ ቴዎድሮስ መድፍ ወዳሠሩበት ወደ ጋፋት በእግር ደርሶ መመለስም ጥሩ ነው፤ ልጆቹም ታሪክ ያያሉ።

የገጠሯ እናት ይህን ልክ ሳምንቱ ሳይጋመስ ትጨርሰዋለች። የጎደላት ዕረፍት ነው። በተለይ በወለደች ሰሞን ከባድ ሸክም መሸከም ለማህፀን መውጣት ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ጀሪካኑ በአህያ፣ አህያ ከሌለም በአባወራው ትከሻ ሊመጣ ይገባል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ስለሆነ ጊዜውን ለማስታወስ አይከብድም። ሴት ልጅ የወለደችማ እስከ 80ኛው ቀን ብታርፍ ማንም አይከፋውም።