ብሎን ያነሰው ማቀዝቀዣ

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም መስቀለኛውን አምባ የወጣ ሰው ሌሊቱን በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው። በዚያ ብርድ የመስኮት አየር ማቀዝቀዣ ወሬ ያስቃል። እኔ ግን ያነሣሁት እዚያው ነው፤ አጠገቤ ያረፈው ምዕመን በሰመራ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ኖሯልና።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ መሣሪያ ብልሃት አንዱ ሞተር ነው። ዘንጉ በሁለት በኩል ወጥቶ፣ በአንዱ ጫፍ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ክፍሉ ይነፋል፤ በሌላው ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣል። በውጭው ማራገቢያ ዙሪያ ያለው ቀለበት ደግሞ የተጠራቀመውን ውሃ እየረጨ የጋለውን ቱቦ ያበርዳል። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሲሠራ የገጣጣሚው ድካም ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ የተሸለሙት ጄፍሪ ቡዝሮይድና ፒተር ደወርስት ይህንኑ ሥርዓት አበጁለት። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ጥያቄ ይቀርባል። ከሌሎቹ ተለይቶ ይንቀሳቀሳልን? የግድ ከሌላ ጥሬ ዕቃ መሠራት አለበትን? ለብቻው ባይሆን ሌሎቹን መግጠም ወይም መፍታት ይከለክላልን? ሦስቱም «የለም» ከተባሉ ዕቃው ከጎረቤቱ ጋር አንድ ይሁን ይባላል። ምስኪኑ ብሎን ይህን ፈተና አያልፍምና ቦታውን ለፕላስቲክ መንጠቆ ይለቃል።

ጠጋኙ በዚህ አልተደሰተም። «ብሎን ቢጠፋ ከገበያ ይገዛል፤ በሙቀት የደረቀ መንጠቆ ግን ካቻቢቴ ሲነካው ይሰበራል፤ ሽፋኑም በሙሉ ይጣላል» አለኝ።

እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ሦስተኛው ጥያቄ «መፍታት» የሚል ቃል አለው፤ ፋብሪካው መግጠሙን ብቻ አንብቦ ያልፋል። መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገጠማል፤ በአቧራማ አገር ግን ለጽዳት ብቻ እንኳ ስንት ጊዜ ይፈታል!