ፔዞታይት የተባለውን ሮዝ ማዕድን በሚዛን ስለ መለየት

በከበሩ ድንጋዮች ንግድ ቀለም ብቻውን የታመነ ምስክር አይደለም። ሮዝ መልክ ያለው ድንጋይ ሁሉ አንድ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ስሙን ሳያረጋግጥ የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን፥ ሳያረጋግጥ የሚሸጥም በደንበኞቹ ዘንድ ያለውን አመኔታ ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ነገር ፔዞታይት የተባለው ማዕድን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ፔዞታይት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በማዳጋስካር፥ ሳካቫላና ከተባለው ስፍራ ወጣ። በመጀመሪያ የቤሪል ዓይነት ነው እየተባለ ተሸጠ። ሊቃውንት ሲመረምሩት ግን ሲዚየምና ሊቲየም የተባሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት ስለተገኙበት፥ በ2003 ዓ.ም. ራሱን የቻለ አዲስ ማዕድን መሆኑ በዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ጸደቀ። ስሙም ለኢጣሊያዊው የማዕድን ሊቅ ለፌዴሪኮ ፔዞታ መታሰቢያ ሆኖ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአፍጋኒስታንና በበርማም ቢገኝ፥ ብርቅነቱ አልቀረም።

ከፔዞታይት ጋር የሚያምታቱት ሮዝ ቤሪል ማለት ሞርጋናይት፥ ሮዝ ቱርማሊንና ኩንዛይት ናቸው። አራቱም ፔግማታይት ከሚባለው አንድ ዓይነት አለት ስለሚወጡ፥ የተገኙበት ስፍራ ብቻውን አይለያቸውም። በቢላዋ መፋቅም ጥቅም የለውም፤ አራቱም ከቢላዋ የጠነከሩ ናቸውና።

የሚሻለው መንገድ የወርቅ መመዘኛ ሚዛን ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ድንጋዩን አጥቦና አድርቆ ክብደቱን መመዝገብ።

2ኛ/ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ።

3ኛ/ ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ፥ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ በውሃው ውስጥ ማጥለቅና ሚዛኑ ያሳየውን መመዝገብ።

4ኛ/ የመጀመሪያውን ቍጥር ለሁለተኛው ማካፈል።

ለምሳሌ 6.2 ግራም የሚመዝን ድንጋይ በውሃው ውስጥ ሲጠልቅ ሚዛኑ 2 ግራም ቢያሳይ፥ ውጤቱ 3.1 ነው፤ ይህም ለፔዞታይት የሚስማማ ቍጥር ነው። ሞርጋናይት ከ2.7 እስከ 2.9 ሲሆን፥ ኩንዛይት ወደ 3.2 ይጠጋል። ሌላ አለት የተጣበቀበት ወይም የአየር አረፋ የያዘ ድንጋይ ግን ቍጥሩን ያሳስታል፤ እጅግ ትንሽ ድንጋይም እንዲሁ።

ቱርማሊን በክብደት ለፔዞታይት ስለሚቀርብ ቅርጹን ማየት ያስፈልጋል። ቱርማሊን ረዘም ያለ፥ በቁመቱ የተሰመረና አግድም ሲታይ ወደ ሦስት ማዕዘን የሚያደላ ነው፤ ፔዞታይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋና ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ይገኛል። ኩንዛይትም በቀላሉ በለስላሳ ገጽ ስለሚሰነጠቅ ስብራቱ ይገልጠዋል።

ተቈርጦ የተወለወለ ድንጋይ ሲሆን ቅርጹ ስለማይታይ፥ መስታወትም በልዩ ልዩ ክብደት ስለሚሠራ፥ ሚዛኑ ብቻ አይበቃም። ሚዛን የማይሆነውን ለመጣል ይረዳል እንጂ የመጨረሻውን ስም አይሰጥም፤ ይህ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ዋጋ በሚከፈልበት ውል ላይ፥ ሽያጩ የሚጸናው በቤተ ሙከራ ማረጋገጫ መሆኑ በጽሑፍ ሊገለጥ ይገባል።

በአገራችን በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው ኤመራልድ ራሱ የቤሪል ወገን ነው። እንግዲህ ይህን ቀላል ምዘና የለመደ ነጋዴ ከሮዙም ድንጋይ አልፎ በአረንጓዴው ይጠቀምበታል።