ጥፍር የምታህል ሥዕል

በደብረ ብርሃን ገበያ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥ ሰው ልብሱን አጣጥፎ ሲደረድር ጥለቱን ወደ ውጭ፥ ነጩን ወደ ውስጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ አላፊው ገዢ ልብሱን ሁሉ ዘርግቶ ለማየት ጊዜም ፈቃድም ስለሌለው፥ ከአንድ ስንዝር በማትበልጥ ጥለት የሸማኔውን እጅ ይለይና፥ ልቡ ከወደደ ብቻ ቆም ብሎ «እስቲ ዘርጋው» ይላል። ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የተነሣሁት ጥበብ የዚሁ የጥለት ወንድም ነው፤ ይኸውም በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ የሚጫወቱት፥ በተለምዶ ጌም የሚባለው ጨዋታ፥ በመሸጫው መደብር የሚታወቅበት የሽፋን ሥዕል ነው።

መደብሩ ደጅና መደርደሪያ የለውም። በስልክ ለሚጫወት ጎግል ፕሌይ፥ በኮምፒውተር ለሚጫወት ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ስቲም ገበያው ነው፤ በእነዚህም ቤቶች እጅግ ብዙ ጨዋታዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፥ ገዢው በጣቱ እየገፋ እያንዳንዳቸውን በዐይን ጥቅሻ ያህል ብቻ አይቶ ያልፋል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ስማቸውን አስቀድመው በማስታወቂያ ስለሚያስነግሩ ገዢው ፈልጎ ይደርስባቸዋል፤ ብቻውን ወይም ከሁለት ሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፥ በገዛ ገንዘቡ ሌሊቱን እያነጋ ጨዋታ የሚሠራ ወጣት ግን ከዚህች ሥዕል በቀር አዋጅ ነጋሪ የለውም።

ጥፍር የምታህል ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ጎግል ፕሌይ ከሠሪው የሚቀበለው፥ አይከን የሚባለው መለያ ሥዕል 512 በ512 ፒክስል ነው፤ ይህ ግን የሚቀበልበት ልክ እንጂ የሚታይበት ልክ አይደለምና፥ ሥዕሉ በስልኩ መስኮት ላይ ሲደርስ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፥ ማዕዘኖቹንም መደብሩ ራሱ ስለሚያጎብጣቸው በጥግ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይቆረጣል። ስቲም በበኩሉ ያንኑ ጨዋታ በብዙ ልክ ተሥሎ እንዲቀርብለት ይሻል፤ ለገጹ ራስ 920 በ430፥ በቁመት ለሚቆመው 748 በ896፥ በዝርዝር ውስጥ ለምትገባው ለታናሺቱ ደግሞ 462 በ174 ፒክስል ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰፊ ሥዕል በብዙ ድካም ከሠሩ በኋላ ያንኑ ለየልኩ እየቆረጡ ስለሚያቀርቡ፥ በአንዱ የጀግናው ራስ ይጎድላል፥ በሌላው ስሙ ይጎረዳል። ልምድ ያለው ሠዓሊ ግን እያንዳንዱን ልክ እንደ ሌላ ሥዕል ቆጥሮ እንደ ገና ያሰናዳዋል፤ በታናሺቱም ላይ ከጨዋታው ስም በቀር ምንም አያስቀርባትም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ጥበብ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ሥርዓት ይደረድራሉ፤ እኔ ግን የነገሩ ሥር ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ አምናለሁ። በሻማ ብርሃን፥ ከሕዝብ ትከሻ በላይ አሻግሮ የሚያይ፥ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የማን እንደ ሆነ እንዴት ያውቅ ነበር? ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጩ ፈረስ፥ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዙሪያቸው ባሉት አንበሶችና ነብሮች፥ የሸዋ ልጅ የሆኑትን፥ ቡልጋ የተወለዱትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ደግሞ በአንድ እግር መቆማቸውና በክንፎቻቸው ይለያቸዋል። ስሙ በአጠገቡ በቀለም ቢጻፍም ለማያነበው ትእምርቱ በቂ ነበረ። እነዚያው ሠዓልያን ጻድቁን በሙሉ ገጽ፥ ሁለት ዐይኖቹን አጉልተው፥ ክፉውን ግን በጎን፥ በአንድ ዐይን ብቻ ይሥሉታል፤ የሰው ዐይን ከሁሉ አስቀድሞ ዐይንን እንደሚፈልግ ስላወቁ ነው። ጀርባውንም በቢጫ ወይም በቀይ ኅብር ደልድለው መሙላታቸው፥ አካሉ ከስፍራው ተለይቶ እንዲወጣ ያደርገዋል። አንድ አካል፥ አንድ ትእምርት፥ የሚያይ ዐይን፥ የተደላደለ ጀርባ፤ ዛሬ የጨዋታ ሽፋን የሚሥል ሰው ብዙ ተምሮ የሚደርስበት ነገር ይኸው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፥ አንድ የደብረ ብርሃን ወጣት በአንኮበር ገደል እየወጣ ስለሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ጨዋታ ሠራ እንበል። የመጀመሪያ ሐሳቡ ያየውን ሁሉ መሣል ይሆናል፤ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ፥ ጥዱን፥ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደል፥ ጉሙን፥ በሣሩ ላይ የተበተነውን መንጋ። አገሩን ለሚወድ ሰው ይህ የተገባ ምኞት ነው፤ ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ቢሰቀልም ያምር ይሆናል፤ ጥፍር ሲያህል ግን ጭቃ ይሆናል። ይልቅስ ከመንጋው አንዱን ወንድ ጭላዳ መርጦ፥ በገደሉ አፋፍ ላይ አቁሞ፥ ጎፈሩን ነፋስ ሲበትነው፥ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ፥ ፍጥረት የሰጠውን ያንን ጠጉር አልባ ቀይ ደረት በመካከል አድርጎ፥ ጀርባውን በነጭ ጉም ብቻ ቢሞላው፥ ከሩቅ የሚጠራ ሥዕል ያገኛል። ሣር ላይ ቢያስቀምጠው ደግሞ የማይጠብቀው ነገር ይደርስበታል፤ ቀዩና አረንጓዴው ለዐይን የተለያዩ ሲመስሉ የብርሃናቸው መጠን ግን አንድ ሊሆን ስለሚችል፥ ሥዕሉ ኅብሩ ተወስዶ በጥቁርና በነጭ ሲታይ ደረቱ በሣሩ ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ አስተዋዮች ሥዕላቸውን አስቀድመው ያለ ኅብር ይመረምሩታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የስሙ አጻጻፍ ነው፤ በዚህ ግን ከውጭ የምንዋሰው ትምህርት አይበቃንም። የላቲን ፊደል ሲያንስ ቅርጹ ይደበዝዛል እንጂ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ፊደል አይለወጥም፤ የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በጎኑና በእግሩ በምትቀጠል ታናሽ ምልክት ስለ ሆነ፥ ምልክቷ ስትጠፋ ቃሉ ይለወጣል። የአዲስ አበባው ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ቅኔ ጌምስ፥ ገበሬ የሚያሳድዳት ዶሮ እያመለጠች የምትሮጥበትን ጨዋታ ኩኩሉ ብሎ ሰይሞታል፤ ልጆች በድብብቆሽ የሚጠሩት ቃል ስለ ሆነ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ይህን ስም በፊደላችን ጽፈን ብናሳንሰው፥ በወገቡ ላይ ያለችው የኩ ቅጥያ ወደ እግሩ የወረደች ትመስልና «ኪኪሊ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እንግዲህ የስም ጸሓፊው ቅጥያዋን ከተለመደው ልክ አስረዝሞና አወፍሮ፥ በፊደልና በፊደል መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ትቶ ሊጽፍ ይገባዋል። ብራና ላይ በወፍራም ብርዕ የሚጻፈው ቁም ጽሕፈት፥ ከቀጫጭኖቹ የኮምፒውተር ፊደላት ይልቅ ለዚህ ሥራ እንደሚስማማ እገምታለሁ፤ የግራፊክስ ተማሪዎቻችንም ወደ ጸሓፍቱ ሄደው እጃቸውን ቢያዩ እመኛለሁ።

ያው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ገበጣ ደግሞ ለሠዓሊ ሌላ ፈተና ነው። ከላይ ሆነው ቢያዩት የጉድጓድ ረድፍ ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨዋታውን ለማያውቅ እንግዳ የዕቃ ማስቀመጫ ይመስለዋል፤ ጠጠር የምትጥል አንዲት እጅ ብትታከልበት ግን ምን እንደሚደረግ ወዲያው ይገባዋል።

ሥዕሉ የሚናገረው ግን እውነት ሊሆን ይገባል፤ የሽፋን ሥዕል መዋሸት የጀመረው ቀድሞ ነውና። በ1977 እ.ኤ.አ. አታሪ የተባለው ኩባንያ የቤት መጫወቻውን ለገበያ ሲያወጣ፥ በመስኮቱ የሚታየው ጥቂት ባለ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሲሆን፥ በሣጥኑ ላይ ግን ሠዓልያን ጦርነትና ሩጫ የተመላበት ታላቅ ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ እርሱን ምናብን የሚያግዝ ነው ብለን ይቅር እንለዋለን። ዛሬ ግን የጨዋታው እውነተኛ ገጽታ ከሽፋኑ ሥር ስለሚታይ ውሸቱ ወዲያው ይገለጣል፤ ስቲምም በ14 ቀን ውስጥ፥ ከሁለት ሰዓት ያነሰ የተጫወተ ገዢ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። በእርጋታ የሚታሰብበትን ጨዋታ ጥርሱን ባገጠጠ አውሬ የሸፈነ ሰው፥ ውጊያ የሚፈልጉትን ጠርቶ ያሳዝናል፥ እርጋታ የሚሹትንም ያባርራል። ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቲም በሽፋኑ ላይ ከጨዋታው ሥዕልና ስም በቀር የሽልማት፥ የምስጋናና የቅናሽ ጽሑፍ እንዳይገባ ከልክሏል፤ እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ፥ ዝናና ገንዘብ የሌለው ታናሹ ሠሪ ከታላቁ ጋር በሥዕል ብቻ እንዲወዳደር ያደርገዋልና።

ሁሉም ውበት ግን ለታናሽ ልክ አይስማማም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኢኮ የተባለውን የጃፓን ጨዋታ ሠሪው ፉሚቶ ኡዌዳ ራሱ ሽፋኑን ሥሎለታል፤ በጣሊያናዊው ሠዓሊ በዴ ኪሪኮ መንፈስ፥ ረጅም ጥላ ባጠላበት ሰፊ አደባባይ ላይ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ። በእጅ ለሚያዝ ሣጥን የተሣለ ስለ ነበር ብዙዎች እስከ ዛሬ ያደንቁታል፤ በስልክ መስኮት ቢቀርብ ግን ልጆቹ ይጠፉና ጥላው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰፊ ሥዕል የሚወድ ሠሪ ለሰፊው ልክ ያኑረው፥ ለታናሺቱም ሌላ ይሣልላት።

የደብረ ብርሃኑ ወጣት ሥራውን ሲጨርስ፥ ሥዕሉን ከሌሎች ሃያ የጨዋታ ሥዕሎች መካከል አስገብቶ፥ ስልኩን በፀሐይ ብርሃን ክንዱን ዘርግቶ ይያዘውና፥ ስለ ጨዋታው ምንም ያልሰማ ሰው ጠርቶ፥ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ አሳይቶ፥ «በዚህ ጨዋታ ሰው ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቀው። ሰውየው «ገደል የሚወጣ ይመስለኛል» ካለው ወደ መደብሩ ይስደደው፤ «ምን ያምራል!» ብሎ ብቻ ከመለሰለት ግን ወደ ጠረጴዛው ይመለስ።