ሳይታወቁ መኖር፦ የአባላዘር ባክቴሪያዎችና የሰው ሕዋስ

የጨብጥ ባክቴሪያ ከሰው ሌላ መኖሪያ የለውም። ተመራማሪዎች አይጥ ላይ ሊያራቡት ሲሞክሩ ለእንስሳዋ ኢስትሮጅን ሰጥተው እንኳ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋባቸዋል። አንዱ ምክንያት ብረት ነው። በደማችን ውስጥ ብረት ትራንስፈሪን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ታስሮ ስለሚጓዝ ብቻውን አይገኝም፤ የጨብጥ ባክቴሪያ ግን ትራንስፈሪንን ይዞ ብረቱን የሚነጥቅበት መሣሪያ ገጹ ላይ አለው። ይህ መሣሪያ የሚያውቀው የሰውን ትራንስፈሪን ብቻ ነው፤ በአይጥ ደም ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል።

ቂጥኝን፣ ክላሚዲያንና ከርክርን የሚያመጡት ተህዋስያንም በተፈጥሮ የሚኖሩት በሰው ላይ ነው። ማደሪያውን ቶሎ የሚጥል ተህዋሲ ወደ ሌላ ሰው የሚሻገርበት ጊዜ አያገኝም፤ እነዚህ ደግሞ የሚሻገሩት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ ያደሩበት ሰው ጤነኛ መስሎ መንቀሳቀሱ ይጠቅማቸዋል። ስለ አባላዘር በሽታ በየመድረኩ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ሰው ጠባይ ነው። በሕዋስ ደረጃ የሚሆነው ብዙም አይወራም፤ በሽታው ለምን ደጋግሞ እንደሚይዝና ለምን ምልክት ሳያሳይ ማህፀን ድረስ እንደሚዘልቅ የሚገልጸው ግን እሱ ነው።

አልበርት ናይሰር በ1879 ከመግል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያገኛቸው የጨብጥ ባክቴሪያዎች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራቸውን የሚጀምሩት በክር ነው። ፒሊ የሚባሉት ቀጫጭን ክሮች ከባክቴሪያው ገላ ወጥተው ይረዝማሉ፣ የሕዋሱን ገጽ ይይዛሉ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሰው ይሰበሰባሉ፤ ክሩ ሲሰበሰብ ባክቴሪያው ተጎትቶ ይጠጋል። ይህን ጉተታ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር በሕያዋን ዘንድ ከሚታወቁት ኃይለኛ የሞለኪውል ሞተሮች አንዱ ነው። ሽንት በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ተጣብቆ ለመቅረት እንዲህ ያለ ጉልበት ያስፈልጋል። ከተጠጋ በኋላ ኦፓ የሚባሉ ፕሮቲኖች ሥራውን ይረከባሉ። በሕዋሶቻችን ገጽ ላይ ያሉ ተቀባዮችን ይዘው ሕዋሱ ራሱ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ እንዲስበው ያደርጋሉ።

የሰውነት መከላከያ ይህን ዝም ብሎ አያይም፤ ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ይዘምታሉ፣ መግሉም ከእነሱ የሚመጣ ነው። ባክቴሪያው ግን ደጋግሞ መልኩን ይለውጣል። የፒሊውን ጂን ከተጠባባቂ ቅጂዎች እየቆረጠ ይጠግነዋል፤ አሥራ አንዱን የኦፓ ጂኖች እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያበራል ያጠፋል። ፀረ እንግዳ አካሉ ተሠርቶ ሲደርስ የሚፈልገው መልክ ተለውጧል። የሚደርሱትንም ፀረ እንግዳ አካላት ቢሆን ባክቴሪያው የሚቆርጥበት ኢንዛይም አለው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ሲያሊክ አሲድ ላይ የሚሠራው ነው። ይህ የስኳር ዓይነት በራሳችን ሕዋሳት ገጽ ላይ ስለሚገኝ መከላከያው «የቤት ነው» ብሎ እንዲያልፋቸው ይረዳል። የጨብጥ ባክቴሪያ ሲያሊክ አሲድ መሥራት አይችልም፤ ጥሬ ዕቃውን ከእኛው ይወስድና በራሱ ገጽ ላይ ይለጥፈዋል። እንዲህ ከሆነ አንዴ ጨብጥ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ወር ቢያዝ ምን ይገርማል?

ወደ ማህፀን ቱቦ ሲዘልቅ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የቱቦው ግድግዳ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉት፤ አንዱ እንቁላልን ወደ ማህፀን የሚገፉ ጥቃቅን ፀጉሮች ያሉት፣ ሌላው የሌለው። ከሰውነት የወጣ ቱቦን በላብራቶሪ ያጠኑ ሰዎች እንዳዩት ባክቴሪያው የሚጣበቀው ፀጉር በሌላቸው ላይ ነው፤ ተፈልቅቀው የሚሞቱት ግን ባለ ፀጉሮቹ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የሚገድላቸው ባክቴሪያው የሚጥለው የራሱ ግድግዳ ስብርባሪና በዚያ የተቀሰቀሰው ብግነት ነው። ፀጉር የሌለው ቱቦ እንቁላልን አይገፋም፤ መካንነትና ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ከዚህ ይመጣሉ።

ክላሚዲያ መንገዱ ሌላ ነው፤ ከሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይራባም። ሉድቪግ ሃልበርሽቴተርና ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ በ1907 ጃቫ ደሴት ላይ ይኸው ባክቴሪያ በሚያመጣው የዓይን በሽታ፣ በትራኮማ፣ በተበከሉ ኦራንጉታኖች የዓይን ሕዋስ ውስጥ አንዳች ክምችት አዩ። ለረጅም ጊዜ ቫይረስ ነው ሲባል ኖሯል። ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን በእንቁላል አስኳል ከረጢት ማራባቱን ያስታወቀው ገና በ1950ዎቹ ነው።

አንዱን ሕዋስ ጠጋ ብለን እንየው። የሚመጣው ተላላፊው ቅርጽ ነው፦ ጠንካራ፣ የማይከፋፈል፣ ስፋቱ 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ። ሕዋሱን እንደነካ መርፌ በመሰለ መሣሪያ ፕሮቲኖቹን ወደ ውስጥ ይወጋል፤ የሕዋሱ አጽም በዚያ ቦታ ይነሣና ባክቴሪያውን ይጠቀልለዋል። በደንቡ ቢሆን እንዲህ የገባ እንግዳ ወደ ሊሶዞም ተወስዶ ይፈጭ ነበር። ክላሚዲያ ግን የታሰረበትን ከረጢት ሽፋን በራሱ ፕሮቲኖች ያድሰዋል፣ በሕዋሱ የውስጥ ሐዲድ ተጓጉዞ ኒውክሊየሱ አጠገብ ይሰፍራል፣ ወደ ሕዋሱ ገጽ የሚላከውንም ቅባት መንገድ ላይ ይቀበላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደሚራባው ቅርጽ ይለወጥና ይከፋፈላል። ሕዋሱ ራሱን ገድሎ እንዳያከሽፈውም ያግደዋል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ልጆቹ እንደገና ወደ ተላላፊው ቅርጽ ተመልሰው ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ሕዋሱን አፈንድተው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከረጢቱ እንዳለ ተገፍቶ፣ ሕዋሱም በሕይወት እንዳለ። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የማያዩት ይህ ሁሉ ያለ ብዙ ግርግር ስለሚፈጸም ነው።

ሰውነት አንድ ብልህ መልስ አለው። ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው የመከላከያው መልእክተኛ ሲለቀቅ ሕዋሱ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይሰባብራል፤ ክላሚዲያም ምግብ ያጣል። በረሃቡ ግን ሁልጊዜ አይሞትም። መከፋፈሉን አቁሞ፣ አብጦ፣ ደህና ቀን ይጠብቃል። በብልት የሚኖሩት ዝርያዎች ደግሞ ኢንዶል ከሚባል ነገር ትሪፕቶፋንን የሚሠራ ኢንዛይም አላቸው፤ ኢንዶሉን የሚያገኙት በብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ ሲቀንስ ከሚበዙት ሌሎች ባክቴሪያዎች ነው። የዓይን ዝርያዎቹ ይህ ኢንዛይም አይሠራላቸውም። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ ጫና ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደም የሆነችበት ትራኮማና በከተማ ክሊኒክ የሚገኘው የብልት ክላሚዲያ የአንድ ባክቴሪያ ሥራ ናቸው፤ ዝርያዎቹ የሚኖሩበትን ቦታ ለመለየት ይህ ትንሽ ልዩነት ድርሻ እንዳለው ይታመናል። ሌሎች የዚሁ ባክቴሪያ ዝርያዎች ወደ ንፍፊት ዘልቀው ባምቡሌን ያመጣሉ።

የቂጥኙ ባክቴሪያ ትሬፖኔማ ከሁሉ የባሰ ስውር ነው። ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 በርሊን ውስጥ አገኙት፤ ዘረመሉ በ1998 ሲነበብ 1.14 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛውን አሚኖ አሲድና ቅባት ከእኛ ይወስዳል። የውጭ ሽፋኑ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚያጋልጠው ሊፖፖሊሳካራይድ የለውም፤ ፕሮቲኖቹም ጥቂት ስለሆኑ መከላከያው የሚይዘው ነገር ያጣል። በደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት መካከል ሾልኮ ወደ አንጎልም ወደ እንግዴ ልጅም ይደርሳል። ከሕዋስ ተለይቶ መኖር ስለማይሆንለት ለረጅም ጊዜ በላብራቶሪ ማራባት የተቻለው በ2018 ነው፣ እሱም ከጥንቸል ሕዋሳት ጋር። ቁስሉንና ጉዳቱን የሚፈጥረው በአመዛኙ ዘግይቶ የሚነሣው የራሳችን መከላከያ ነው። ደጉ ነገር፣ ፔኒሲሊን ዛሬም ይገድለዋል።

አውጉስቶ ዱክሬይ በ1889 የገለጸው የከርክር ባክቴሪያ በአንጻሩ ከሕዋስ ውጭ ነው የሚውለው፤ ሊውጡት የመጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት መዋጥ ይከለክላቸዋል። የመከላከያ ሕዋሳት ክፍት ቁስል ላይ መሰብሰባቸው ደግሞ ለኤችአይቪ ይመቸዋል፤ ቫይረሱ የሚፈልጋቸው ሕዋሳት ከእነሱ መካከል አሉና።

ከቂጥኝ በተለየ ጨብጥ መድኃኒትን በየተራ እያሸነፈ መጥቷል፤ ሰልፋ፣ ፔኒሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን አልፈው ዛሬ ዋናው መደገፊያ ሴፍትሪያክሶን ነው። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ክትባት ላይ አርፏል። በኒውዚላንድ ለማጅራት ገትር ዓይነት ቢ ተብሎ የተሰጠ ክትባት ጨብጥን 31 በመቶ ያህል እንደቀነሰ በ2017 ተዘገበ፤ እንግሊዝ በ2025 ተመሳሳይ ክትባት ይበልጥ ተጋላጭ ለሆኑ ሰዎች መስጠት ጀመረች። የሁለቱ በሽታዎች ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመዶች ስለሆኑ የውጭ ሽፋናቸው ይመሳሰላል፣ ክትባቱም የተሠራው ከዚያ ሽፋን ነው። በኢትዮጵያ ሚሊዮኖች የወሰዱት የማጅራት ገትር ኤ ክትባት ግን ከስኳር ቅርፊት የተሠራ ነው፤ የጨብጥ ባክቴሪያ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው ከዚያ ክትባት ይህን ጥቅም መጠበቅ አይቻልም።